ኳሱ እየተንከባለለ የሚቆረጥ ትኬት

በድሬዳዋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከከዚራ ተነሥቶ ደቻቱን ተሻግሮ ወደ መጋላ የሚዘልቅ ሰው፣ በእንግሊዝ ሜዳ የተቆጠረችውን አንዲት ግብ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊሰማት ይችላል። በመጀመሪያ በሳተላይት ዲሽ የሚያሳየው ቤት ይጮኻል፤ ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ሥርጭቱን በሌላ መንገድ የሚቀበለው ጎረቤት ይከተላል፤ በስልኩ ኢንተርኔት የሚከታተለው ወጣት ደግሞ የሰፈሩን ጩኸት ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ኳሷ መረብ ስትነካ የሚያየው። ብዙው ሰው በዚህ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ይሁን እንጂ በጨዋታ መካከል ስለሚደረግ ውርርድ፣ ማለትም የሰፈሩ ልጆች ላይቭ ስለሚሉት፣ ለመጻፍ ስነሣ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም ስልኩን ጨብጦ ትኬት የሚቆርጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግቧን ከሁሉም መጨረሻ የሚያየው ያ ወጣት ነው።

ሙያዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው። ኳስ እወዳለሁ፤ አልፎ አልፎም ለአንድ ማኪያቶና ለሁለት ሳምቡሳ ከማወጣው በማይበልጥ ገንዘብ ትኬት እቆርጣለሁ። ውርርድ ሐራም ነው ወይስ ኃጢአት የሚለውን ለሼኾቹና ለቀሳውስቱ እተዋለሁ፤ በዚህች ከተማ ሁለቱም ወገኖች መልሳቸውን ደጋግመው ስለተናገሩ የእኔ መጨመር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እኔ የምጽፈው ሰዉ እየተወራረደ መሆኑን ተቀብዬ፣ ቢያንስ ምን እየገዛ እንደሆነ ዐውቆ ይግዛ በሚል ሐሳብ ነው። ኳስ የማያውቅ ሰው ገንዘቡ ቢበላበት ብዙ አይደንቀኝም። የሚደንቀኝ ኳስን ጠንቅቀው የሚያውቁት፣ አሠልጣኙ ተጫዋች ከመቀየሩ በፊት ማን እንደሚወጣ የሚናገሩት፣ የአንድን ተከላካይ ድካም ከእርምጃው የሚለዩት ሰዎች በየሳምንቱ መበላታቸው ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያጡት የኳስ ዕውቀት አይደለም፤ የሚበልጣቸው ጊዜና ዋጋ ነው፣ ሁለቱም ደግሞ በአወራራጁ ቤት እጅ ናቸው።

ከጊዜው ልጀምር። አወራራጅ ድርጅቶች ጨዋታውን እንደኛ በቴሌቪዥን ተመልክተው ኦድ፣ ማለትም ለተመደበ አንድ ብር ስንት እንደሚመለስ የሚናገረውን ዋጋ፣ አይቀይሩም። በሜዳው ዙሪያ ተቀምጦ እያንዳንዱን ክስተት በመሣሪያ የሚያስተላልፍ የመረጃ ሠራተኛ አለ፤ ኳሱ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ሲገባ ወይም ዳኛው እጁን ወደ ጆሮው ሲያነሣ ያ ሰው ይጫናል፣ ዋጋውም ይቆለፋል። የዳኛን ውሳኔ በቪዲዮ የሚመረምረው ቪኤአር እ.ኤ.አ. በ2019/20 የውድድር ዘመን ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከገባ ወዲህ ደግሞ መቆለፉ በርክቷል። ከዚህም በላይ፣ ተወራራጁ ትኬቱን ከተጫነ በኋላ ተቀባይነት እስኪያገኝ የሚጠብቃቸው ጥቂት ሰከንዶች አሉ። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ቤቱን የሚጎዳ ነገር ከተፈጠረ ትኬቱ ይመለሳል ወይም በአዲስ ዋጋ እንደገና ይቀርባል፤ ምንም ካልተፈጠረ ደግሞ በቀድሞው ዋጋ ይጸድቃል። እኛ «ኔትወርክ አዘገየብኝ» እያልን የምንራገመው መዘግየት ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው።

የእነዚያ ሰከንዶች ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2014 በሜልበርን የተካሄደውን የአውስትራሊያ ኦፕን ቴኒስ ማስታወስ ይበቃል። አንድ እንግሊዛዊ ሜዳው ዳር ተቀምጦ፣ በልብሱ ውስጥ በደበቀው መሣሪያ የእያንዳንዱን ነጥብ ውጤት ለውርርድ ዓላማ ወደ ውጭ ሲልክ ተገኝቶ ታሰረ፤ ክሱ በኋላ ተነሣለት እንጂ። ከአገር አገር እየዞሩ ሜዳ ዳር መቀመጥን ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች የኖሩት፣ በቴሌቪዥንና በሜዳ መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ ምንጭ ስለሆነ ነው። እንግዲህ እነርሱ አውሮፕላን ተሳፍረው የሚያሳድዱትን ሰከንድ እኛ ድሬዳዋ በዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን ገና ከመጀመሪያው አጥተነዋል።

«በገዛ ስታዲየማችን የሚካሄድስ?» ብሎ የጠየቀኝ ወዳጅ ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው። የድሬዳዋ ስታዲየም በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ሲስተናገድ የናይጄሪያ፣ የሞሮኮ፣ የሱዳንና የዛየር ምድብ የተካሄደበት ነው፤ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ መንገዷን የጀመረችው ከዚህ ነው ብለው አባቶቻችን ዛሬም ይኮራሉ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ መካሄድና በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ከአስተናጋጆቹ አንዷ ድሬዳዋ ነበረች። እዚያ የተቀመጠ ተመልካች ቴሌቪዥን ከሚያየው ሰው ይቀድማል፤ ሆኖም የትኬቱ የጥበቃ ሰከንዶች ያንን ብልጫ ለመብላት የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ፀሐዩን ተቋቁሞ ስልኩ ላይ የሚያፈጥ ሰው በመጨረሻ የሚቀርለት ጨዋታውን በቅጡ አለማየቱ ነው።

ስለ ጊዜ ይህን ካልሁ ወደ ዋጋው ልሻገር፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ አንባቢ ይታገሠኝ።

ከጨዋታ በፊት ለሦስቱ ውጤቶች 2.10፣ 3.30 እና 3.60 ተሰጥቷል እንበል። አንድን ለእያንዳንዱ ቁጥር ብናካፍል 47.6፣ 30.3 እና 27.8 በመቶ እናገኛለን፤ ድምሩ 105.7 ነው። ሁሉም ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች ተደምረው ከ100 ሊበልጡ ስለማይችሉ፣ ትርፏ 5.7 ዋጋው ውስጥ ተሸሽጋ የገባች የቤቱ ድርሻ ናት። አሁን ደግሞ ጨዋታው ተጀምሮ «ቀጣዩ ኮርና የማን ነው» ወይም «በዚህ አጋማሽ ሌላ ግብ ይኖራል ወይስ አይኖርም» ለሚል ጥያቄ ለሁለቱም ወገን 1.85 ቢሰጥ፣ ድምሩ 108.1 ይሆናል። ቤቱ በላይቭ ላይ ድርሻውን ከፍ የሚያደርገው ስለሚቸኩልና ራሱም ሊሳሳት ስለሚችል ነው፤ ስሕተቱን አስቀድሞ በእኛ ላይ ያስከፍላል። በ1.85 ዋጋ ከኪሳራ ነፃ ለመሆን ከ100 ውርርድ 54ቱን ያህል በትክክል መገመት ያስፈልጋል፤ ሃምሳ በሃምሳ የሚገምት ሰው በየመቶ ብሩ 7 ብር ከ50 ሳንቲም እየተወ ይሄዳል።

ሰባት ብር ምንም አይደለም የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው፣ አንድ ጊዜ ከሆነ። የላይቭ ጉዳቱ ያለው ግን ገንዘቡ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ላይ ነው። ከጨዋታ በፊት 50 ብር አንድ ጊዜ የመደበ ሰው፣ ከላይ ባልነው ዋጋ፣ በረጅሙ ሲታሰብ 2 ብር ከ70 ሳንቲም ያህል ከፍሎ ዘጠና ደቂቃ ይዝናናል። በዚያው ጨዋታ ውስጥ 50 ብሩን አሥር ጊዜ የመደበ ሰው ግን 500 ብር አዙሯል፤ ሁልጊዜ እየበላና እየተበላ፣ በአንድ ጊዜ ከ50 ብር በላይ ሳይመድብ እንኳ፣ በረጅሙ ሲታሰብ የከፈለው 37 ብር ከ50 ነው። ይኸው ሰው ማታ «ዛሬ ብዙም አልተበላሁም፣ ስበላም ነበር» ሲል ይሰማል፤ ውሸትም አልተናገረም። ያልቆጠረው ነገር ያዞረውን ብር ነው። የንግድ ሰው በዞረ ገንዘብ ላይ ያተርፋል፤ አወራራጁም ይህንኑ ነው የሚያደርገው፣ የሚያዞርለት ደግሞ ደንበኛው ነው።

በዋጋው ላይ የሚመጣው ሌላው ነገር የሰዓቱ መሄድ ነው። በድሬ ጫት የሚገዛ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ከአወዳይ ረፋድ ላይ የገባው ጫት ምንም ሳይጎድልበት፣ ማንም ሳይነካው፣ ሰዓቱ ስለሄደ ብቻ ዋጋው ይወርዳል። «ግብ ይቆጠራል» የሚል ትኬት የያዘ ሰውም በእጁ የያዘው እንዲህ የሚጠወልግ ነገር ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በአንድ ጨዋታ የሚቆጠረው ግብ በአብዛኞቹ ዓመታት በአማካይ በሁለት ተኩልና በሦስት መካከል ሲሆን፣ በ2023/24 ከሦስት በላይ ሄዷል። 2.7ን እንያዝና 0 ለ 0 የሆነ ጨዋታ 70ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል እንበል፤ ባከነ ሰዓት ተጨምሮ 25 ደቂቃ ያህል ቢቀር፣ ሌላ ግብ የመቆጠሩ ዕድል በግርድፍ ስሌት ግማሽ በግማሽ ነው። 80ኛው ደቂቃ ላይ ወደ 35 በመቶ፣ 85ኛው ላይ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። በእርግጥ በመጨረሻው ሰዓት ቡድኖች ስለሚያጠቁና ስለሚደክሙ ቁጥሩ በትንሹ ከፍ ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት በዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የሚሰማው ክርክር የዚህ ተቃራኒ ነው፦ «እስካሁን አልገባም፣ እንግዲህ አሁን መግባቱ አይቀርም» ይባላል። ኳሱ ግን ቀደም ሲል አለመግባቱን አያስታውስም። ተወራራጁ የዕድሉን መውረድ አይቶ መሸሽ ሲገባው፣ ኦዱ ከ2 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 4 ሲወጣ እያየ «ዋጋው አሁን ነው የጣፈጠው» ብሎ ይጨምራል።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ያለቀለት የመሰለ ጨዋታ አለ። እዚህ ከተማ የአርሴናል ደጋፊ ብዙ ስለሆነ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2011 በኒውካስል ሜዳ የሆነውን ማንሣት ቁስል መንካት ይሆንብኛል፤ ቢሆንም ልጥቀሰው። አርሴናል ገና በ26ኛው ደቂቃ 4 ለ 0 መራ። ከዕረፍት መልስ አቡ ዲያቢ በቀይ ካርድ ወጣ፣ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ተሰጡ፣ በ87ኛው ደቂቃ ሼክ ቲዮቴ ከሩቅ መትቶ ውጤቱን 4 ለ 4 አደረገው። እንዲህ ባለ ጨዋታ ላይ በዕረፍት ሰዓት ለመሪው 1.01 ሲሰጥ፣ 1000 ብር መድቦ 10 ብር ለማግኘት የሚሮጥ ሰው በየቤቱ አይጠፋም፤ «የተረጋገጠ» ይሉታል። አንዷን ሺህ ብር ለመመለስ ያቺን አሥር ብር መቶ ጊዜ ያለ ስሕተት መሰብሰብ እንደሚያስፈልግ ግን የሚያስታውሰው የለም። ቤቱ 1.01 ሲል ከመቶ አንዴ ሊገለበጥ ይችላል ማለቱ ነው፤ ያቺ አንዴ ደግሞ በዓይናችን ያየናት ናት።

ጊዜና ዋጋ የትም አገር አንድ ናቸው፤ በድሬ ግን አንድ የሚጨመር አለ። ከምሳ በኋላ በ7 እና በ8 ሰዓት በርጫ የጀመረ ሰው ምርቃናው የሚይዘው በ10 እና በ11 ሰዓት አካባቢ ነው። የእንግሊዝ የቅዳሜ ዋና ጨዋታዎች ደግሞ እነርሱ ሰዓታቸውን በሚያስቀድሙበት ወቅት በእኛ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው 12 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ሐሳብ ሁሉ ጥርት ብሎ የሚታይበት፣ ሰው ያላሠራውን ሕንፃ ሠርቶ የሚያከራይበት ያ ሰዓት እና ኦዱ በየደቂቃው የሚቀያየርበት ሰዓት እንዲህ መግጠማቸው ለተወራራጁ አይበጅም። ምርቃና ላይ ያለ ሰው አይጠራጠርም፤ ላይቭ ውርርድ ደግሞ ከምንም በላይ መጠራጠርን የሚጠይቅ ነገር ነው። ምርቃናው ሲወርድ ጨብሲው ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ያለው ስሜት የጠፋውን ማስመለስ ነው፣ ለማስመለስም የስፔን ወይም የጣሊያን የምሽት ጨዋታ ይጠብቃል። ያየሁት ትልልቁ ኪሳራ የደረሰው በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ሳይሆን በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ ቡድኖቹን እንኳ በቅጡ በማያውቁት ጨዋታ ላይ። ስለዚህ ለሚሰማኝ ሁሉ የምለው የመጀመሪያ ነገር ከኳስ ጋር የተያያዘ አይደለም፦ ቅሞ የሚወራረድ ሰው ትኬቱን ከበርጫ በፊት ቆርጦ ስልኩን ያስቀምጥ።

ካሽ አውት የሚባለውም ቁልፍ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ትኬትን ለቤቱ መልሶ መሸጫው፣ የዚሁ የስሜት ገበያ አካል ነው። 100 ብር በ3.00 መድበው፣ የመረጡት ቡድን ቀድሞ አግብቶ ኦዱ ወደ 1.50 ቢወርድ፣ ሊያገኙ የሚችሉትን 300 ብር ለ1.50 ሲያካፍሉት 200 ይመጣል። ቤቱ ከዚህም ዋጋ ላይ ድርሻውን ስለሚይዝ የትኬቱ ትክክለኛ ግምት ከ200 ጥቂት አንሶ በ185 ብር አካባቢ ነው። ቁልፉ ላይ 165 ተጽፎ ቢታይ፣ ልዩነቷ 20 ብር ለፍርሃታችን የምንከፍላት ናት። ይህን ስል ቁልፉ መቼም አይነካ ማለቴ አይደለም። ሌስተር ሲቲ በ2015/16 የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ 5000 ለ1 ተሰጥቶት ዋንጫውን ሲያነሣ፣ ትኬታቸውን ቀደም ብለው ለአወራራጆቹ መልሰው የሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎች ሳቁባቸው። እኔ አልስቅባቸውም። ጥቂት ፓውንድ አውጥቶ ኑሮውን የሚያቃልልበትን ገንዘብ የወሰደ ሰው ሞኝ አይደለም። በየሳምንቱ ሃምሳ ብር ትኬት ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን የሚነካ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ሲገዛ አንድ፣ ሲመልስ አንድ።

ብዙ ጨዋታ በአንድ ትኬት ስለ መደርደር አጭር ነገር ልበል፤ ላይቭ ጨዋታዎችንም እንዲሁ የሚደረድሩ አሉና። የቤቱ ድርሻ በእያንዳንዱ ጨዋታ 6 በመቶ ቢሆን፣ አምስት ጨዋታ ሲደረደር ከመቶ ብሩ 25 ያህሉ፣ አሥር ሲደረደር 44 ያህሉ ገና ኳሱ ሳይነካ ሄዷል። በዚህ ላይ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ፣ ከ1000 ብር በላይ በሆነ ገቢ ላይ የ15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ የተበላውንም ከበላው ላይ መቀነስ አልፈቀደም። ትልቅ ትኬት የሚያልም ሰው ይህንንም አብሮ ያስላ። በውርርድ ቤቶቹ ስክሪን ላይ በጨዋታና በጨዋታ መካከል የሚሮጡት የኮምፒውተር ውሾች፣ ፈረሶችና ቨርቹዋል ቡድኖች ደግሞ ምንም ዕውቀት የማይሠራባቸው ስለሆኑ ጊዜ አላጠፋባቸውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተብሎ፣ በማስተዋል የሚወራረድ ሰው አለ ወይ? አንድ አውቃለሁ። የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ከሳቢያን እስከ ለገሃር ሲመላለስ ይውላል፣ ቅዳሜ ግን ማታ ይቀራል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በአንዲት ትንሽ ደብተር ላይ የትኛውን ጨዋታ እንደሚጠብቅ፣ ውጤቱ ምን ሲሆን እንደሚገባ፣ ዋጋው ከስንት በታች ከሆነ እንደሚተወውና ስንት ብር እንደሚመድብ ይጽፋል። «የሊጉ መሪ ቡድን በዕረፍት ሰዓት በአንድ ግብ ከተበለጠና ከ2.40 በላይ ከሰጡ፣ 40 ብር» ይላል አንዱ መስመር። ሁኔታው ካልተሟላ ስልኩ ከኪሱ አይወጣም። አብረውት የሚቀመጡት «አቦ ዋሪያ፣ ኳስ እያየህ ነው ወይስ ፈተና እየተፈተንክ?» እያሉ ያፌዙበታል። እርሱም ከሳቃቸው ጋር አብሮ ይስቃል፣ ደብተሯን ግን አይደብቃትም። ትርፍ ላይ ነኝ ብሎኝ አያውቅም፤ ስጠይቀውም «ወንድሜ፣ ከእነርሱ ያነሰ ነው የሚበላብኝ» ብሎ መለሰልኝ። ይህን መልስ ከሰማኋቸው የውርርድ ምክሮች ሁሉ አብልጬ አምነዋለሁ፤ ተርፌያለሁ የሚለኝን ሰው መዝገቡን አሳየኝ እለዋለሁ፣ መዝገብ ያሳየኝ ግን የለም።

ከዚህ ሰው የተማርኩት ዋናው ነገር የዕረፍት ሰዓትን መጠቀም ነው። ጨዋታው እየሄደ ሳለ ተወራራጁ ከሰከንድ ጋር ይታገላል፣ የቸኮለም አፍስሶ ይለቅማል። በዕረፍቱ 15 ደቂቃ ግን የመረጃ ሠራተኛው ሜዳ ዳር መቀመጡ ምንም አይጠቅመውም፤ ሁላችንም ያየነው እኩል ነው፣ ኦዱም በአብዛኛው ባለበት ይቆማል። አንድ ተጫዋች እያነከሰ ከሆነ፣ ቡድኑ ኳስ እየያዘ ወደ ግብ የማይደርስ ከሆነ፣ ዳኛው ካርድ ለመምዘዝ የሚቸኩል ከሆነ፣ ይህን በርጋታ ከዋጋው ጋር ለማነጻጸር ጊዜ የሚገኘው ያኔ ብቻ ነው። ኳስ ማወቅ ጥቂትም ቢሆን ዋጋ የሚያገኝበት ቦታ ካለ እርሱ ነው። ግብ ወይም ቀይ ካርድ በታየበት ቅጽበት መሮጥ ግን ፋይዳ የለውም፤ ዜናው ዋጋው ውስጥ የገባው እኛ ሳንሰማው ነው።

እኔ ራሴ የምጠቀምበት መለኪያ ደግሞ ከከተማችን ኑሮ የመጣ ነው። አንድ ውርርድ ከማድረጌ በፊት አሁን መብራት ቢጠፋ ምን እሆናለሁ ብዬ እጠይቃለሁ። መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርኩም አብሮት ተኝቶ፣ ውጤቱን ጠዋት ብቻ ብሰማ ቅር የማይለኝ ውርርድ ከሆነ አደርገዋለሁ። «ቶሎ ካሽ አውት አደርጋለሁ»፣ «ካልሆነ በሌላኛው ወገን እመድባለሁ» የሚል ቀጣይ እርምጃ የሚፈልግ ከሆነ ግን እተወዋለሁ፤ ያ እርምጃ በእኔ እጅ ሳይሆን በመብራት ኃይልና በኔትወርክ እጅ ነውና። ባከነ ሰዓትም በዚሁ ሒሳብ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 የዓለም ዋንጫ ወዲህ ዳኞች የባከነውን ሰዓት በርዝመት መስጠት ስለለመዱ፣ በ90ኛው ደቂቃ አለቀ ብሎ የመደበ ሰው ሰባትና ስምንት ደቂቃ ሊጠብቅ ይችላል። በዚያ የዓለም ዋንጫ የእንግሊዝና የኢራን ጨዋታ ሁለቱም አጋማሽ ተደምሮ ከ25 ደቂቃ በላይ ተጨምሮበት እንደነበር ያየ ሰው የመጨረሻ ደቂቃ የሚባል ነገር እንደሌለ ያውቃል።

ስለ ገንዘቡ አቀማመጥም አንድ ነገር አለ። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያዎች ሒሳብ መሙላትን የጥቂት ሰከንድ ሥራ ስላደረጉት፣ ቀድሞ ወደ ውርርድ ቤት ለመሄድ የሚያስፈልገው የእግር መንገድ የሰጠን የማሰቢያ ጊዜ ጠፍቷል። ያንን ጊዜ በእጅ መልሶ ማበጀት ይቻላል፤ የሳምንቱን መጠን ሰኞ ወስኖ፣ እርሱን ብቻ ሞልቶ፣ ሲያልቅ እስከሚቀጥለው ሰኞ አለመሙላት። የበላ ሰውም ገንዘቡን በዚያው ሌሊት አውጥቶ ከውርርድ ሒሳቡ ውጭ ቢያደርገው ይሻለዋል፤ በውርርድ ሒሳብ ውስጥ ያደረ ብር በቀጣዩ ቀን እንደ ራስ ገንዘብ ስለማይታይ ዝም ብሎ ይዞራል። የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታዎች በአውሮፓ ክረምት በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ስለሚጀምሩ ሲያልቁ 7 ሰዓት ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ነቅቶ ሒሳብ የሚሞላ ሰው ካለ፣ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ስለሆነ ብቻ እንኳ ያመዛዝናል ብዬ አልጠብቅም።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ግን ኪሱን ለሚቆጣጠር ሰው ነው። የእቁብ ተራው ደርሶ የተቀበለውን ብር ሳያድር የጨረሰ፣ ከሚስቱ ስልክ ተደብቆ የሚሞላ፣ ከሱቅ በዱቤ የወሰደውን ሸጦ ትኬት የቆረጠ ሰው ከላይ ያልኳቸው ስሌቶችና የዕረፍት ሰዓት ምክሮች አይጠቅሙትም፤ ይልቁንም አንድ ተጨማሪ ሰበብ ይሆኑለታል ብዬ እፈራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሊያደርገው የሚገባው የተሻለ ዋጋ መፈለግ ሳይሆን መለያውን እንዲዘጉለት ድርጅቱን መጠየቅ፣ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሩን ለሚያምነው ሰው አስቀይሮ መስጠትና ያለበትን ዕዳ በወረቀት ላይ ዘርዝሮ ለቤተሰቡ ማሳየት ነው። ዝርዝሩን ለመጻፍ የሚቸገር ካለ፣ ሥራዬ ስለሆነ፣ እሑድ ጠዋት ጨዋታ ሳይጀምር አብሬው ለመቀመጥ ፈቃደኛ ነኝ።